ዲግሪ ይዞ ነርሲንግ መግባት፦ የአሜሪካ የተማሪ ብድር የቱን ያህል ይሸፍናል?

በኖቬምበር 2025 «አሜሪካ ነርሲንግን ከፕሮፌሽናል ዲግሪዎች ዝርዝር አወጣች» የሚል ዜና ተሰማ። ዜናው በቲክቶክና በቴሌግራም ሲዞር ቅርጹን ቀየረና «ለነርሲንግ የሚሰጥ ብድር ቀረ» ሆኖ አረፈው። በጣም የደነገጡት አገር ቤት በአካውንቲንግ፣ በማኔጅመንት ወይም በባዮሎጂ የተመረቁ ሰዎች ናቸው። በዲቪ ወይም በቤተሰብ መጥተው፣ ዛሬ ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ወይም ሆም ሄልዝ ኤይድ (የቤት ለቤት ተንከባካቢ) ሆነው እየሠሩ፣ «ነርሲንጉን ልግባበት» ብለው ሲያስቡ ነው ወሬው የደረሰባቸው።

ለእነሱ የሚሆነው ፕሮግራም ብድሩ አልተነካም። ግን ያልተነካው ብድር ድሮም ትንሽ ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ሥራ ለቅቆ፣ ቦታ ማስያዣ ከፍሎ፣ ዩኒፎርም ገዝቶ ካበቃ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ማወቅ ይቻላል፤ ስለዚህ ቁጥሩን አንድ በአንድ እንየው።

ፕሮግራሙ ምንድን ነው?

በአጭሩ ኤቢኤስኤን ይሉታል። በሌላ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ነርሲንግን በተፋጠነ መንገድ የሚማርበት ነው። እንደ ትምህርት ቤቱ ከ11 እስከ 18 ወር ይፈጃል። እንግሊዝኛው፣ ታሪኩ፣ አጠቃላይ ኮርሱ በፊተኛው ዲግሪ ስለተያዘ የሚቀረው ነርሲንጉ ብቻ ነው፤ ክፍል ውስጥ፣ ላብራቶሪ፣ ሆስፒታል ውስጥ የሚደረግ ክሊኒካል (የተግባር ልምምድ)። ሲያልቅ ኤንክሌክስ የሚባለውን የፈቃድ ፈተና ተፈትኖ አርኤን፣ ማለትም ፈቃድ ያለው ነርስ፣ መሆን ይቻላል።

የሚገኘው ወረቀት ቢኤስኤን ነው፤ ማለትም ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ። ማስተርስ አይደለም። ይህን ያዙት፤ የብድሩ ነገር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ታዲያ ዜናው ስለ ምን ነበር?

ጁላይ 4፣ 2025 የተፈረመው ትልቁ የበጀትና የግብር ሕግ የተማሪ ብድርን በብዙ ቦታ ቀይሯል። አንዱ ለውጥ ማስተርስና ከዚያ በላይ ለሚማሩ ሰዎች ይሰጥ የነበረውን ግራድ ፕላስ የሚባል ብድር የሚመለከት ነው። ይህ ብድር የትምህርቱን ሙሉ ወጪ ይሸፍን ነበር። ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ የለም። በምትኩ ገደብ መጣ። «ፕሮፌሽናል» ለተባለ ትምህርት በዓመት 50,000፣ በጠቅላላ 200,000 ዶላር። ለሌላው ማስተርስና ዶክትሬት በዓመት 20,500፣ በጠቅላላ 100,000 ዶላር። የትምህርት ሚኒስቴሩ ባዘጋጀው ትርጓሜ ሕክምና፣ ሕግ፣ ፋርማሲና የመሳሰሉት ፕሮፌሽናል ሲባሉ ነርሲንግ ወደ ዝቅተኛው ገደብ ገባ። ጩኸቱ የመጣው ከዚህ ነው። ነርስ ፕራክቲሽነር (መርምሮ መድኃኒት የሚያዝ ነርስ) ወይም ነርስ አነስቴቲስት (ሰመመን ሰጪ ነርስ) መሆን ለሚፈልግ ሰው ይህ ከባድ ለውጥ ነው።

ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ግን የዓመቱ ገደብ እንደነበረ ቀጥሏል። ኤቢኤስኤን ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ሌላ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች ተቀብለው በቀጥታ በነርሲንግ ማስተርስ ያስመርቃሉ። ይህም ወደ አርኤን ያደርሳል፤ ከውጭ ሲታይ ከኤቢኤስኤን ጋር ይመሳሰላል። በብድር ዓይን ግን ማስተርስ ነው። አዲሱ ገደብ በቀጥታ ይነካዋል። የብድሩ ወለድም ከፍ ያለ ነው፤ ለ2025–26 የትምህርት ዓመት ለመጀመሪያ ዲግሪ 6.39 በመቶ ሲሆን ለማስተርስ 7.94 በመቶ ነው። ስለዚህ የምታመለክቱበት ፕሮግራም በምን እንደሚያስመርቅ ድረ ገጹ ላይ ፈልጉ። ካልገባችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።

የመንግሥት ብድር ለማን ይሰጣል?

ለዜጋ፣ ግሪን ካርድ ላለው፣ እንዲሁም ጥገኝነቱ ለጸደቀለት ሰውና በስደተኛነት (ሪፊውጂ ተብሎ) ለገባ። በቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ያለ፣ በኤች ዋን ቢ (የሥራ ቪዛ) የሚሠራ፣ በተማሪ ቪዛ የመጣ ሰው አያገኝም። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለም እንዲሁ። የሥራ ፈቃድና ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር መያዝ ብቻውን በቂ አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን እዚህ ላይ ይሳሳታሉ።

የሚጠየቀው ፋፍሳ በሚባለው ቅጽ ነው። በነጻ ነው። «እኔ እሞላልሃለሁ፣ ይህን ያህል ክፈለኝ» የሚል ሰው ካገኛችሁ እለፉት፤ የኮሌጁ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ያለ ክፍያ ያግዛል።

በዓመት ስንት ይገኛል?

የመንግሥት ብድር ሁለት ገደብ አለው፤ የዓመትና የጠቅላላ። የውሃ ሮቶ አስቡ። ሮቶው የሚይዘው ውሃ ጠቅላላ ገደቡ ነው። በአንድ ዓመት በቧንቧው የሚወርደው ደግሞ የዓመቱ ገደብ ነው። ሮቶው ሙሉ ቢሆንም ቧንቧው ከሚያወርደው በላይ አትቀዱም። ቧንቧው ሰፊ ቢሆንም ሮቶው ካለቀ አለቀ።

በሕጉ «ራሱን የቻለ» የሚባል ተማሪ፣ ማለትም ቢያንስ 24 ዓመት የሞላው፣ ወይም ያገባ፣ ወይም የሚያሳድገው ልጅ ያለው፣ ወይም የቀድሞ ወታደር፣ በኤቢኤስኤን ደረጃ በዓመት እስከ 12,500 ዶላር ያገኛል። ጠቅላላ ገደቡ 57,500 ዶላር ነው።

ከ12,500ው ውስጥ ቢበዛ 5,500ው ሰብሲዳይዝድ ሊሆን ይችላል። ይህ ተማሪው ትምህርት ላይ እያለ ወለዱን መንግሥት የሚሸፍንለት ብድር ሲሆን የሚሰጠው ገቢ ታይቶ ነው። የቀረው አንሰብሲዳይዝድ ይባላል። ወለዱ ብሩ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። ለምሳሌ 20,000 ዶላር አንሰብሲዳይዝድ በ6.39 በመቶ በቀን 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይወልዳል፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጣችሁም፣ ተኝታችሁም። በተጨማሪ ብድሩ ሲወጣ ከ1 በመቶ ትንሽ የሚበልጥ ክፍያ ይቆረጣል። 12,500 ስትበደሩ እጃችሁ የሚገባው 12,368 ያህል ነው።

«ፕሮግራሙ 16 ወር ስለሆነ ስንት ዓመት ይቆጠርልኛል?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ለብድር የሚቆጠረው የትምህርት ዓመት እንጂ የቀን መቁጠሪያ ዓመት አይደለም። አራት ተከታታይ ሴሚስተር ያለው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ሁለት የብድር ዓመት ይሞላል፤ ያ ማለት ሁለት ጊዜ 12,500፣ በድምሩ 25,000 ዶላር ነው። አጠር ያለ ፕሮግራም ከሆነ ግን የመጨረሻው ቁራጭ ከሙሉ የትምህርት ዓመት ስለሚያንስ ብድሩም በዚያው ልክ ይቀነሳል። አከፋፈሉን የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ነው።

እዚህ ላይ አዲስ መጪው አንድ ዕድል አለው። አገር ቤት የተማረ ሰው ከአሜሪካ መንግሥት ተበድሮ ስለማያውቅ ሮቶው ሙሉ ነው። እዚሁ ኮሌጅ የጨረሰው የአክስቱ ልጅ ግን ለመጀመሪያው ዲግሪ የተበደረውን ገና ካልከፈለ ከ57,500ው ላይ ይቀነስበታል። 40,000 ካለበት የሚቀረው 17,500 ብቻ ነው።

ልጃችን 22 ዓመቱ ነው፣ አሁን ተመርቆ ወጣ፤ እሱስ?

ይህ ብዙ ወላጅ የማይጠብቀው ነገር ስላለው ረጋ ብለን እንየው።

ዲግሪ መያዝ ብቻውን «ራሱን የቻለ» አያሰኝም። ልጁ 24 ካልሞላው፣ ካላገባ፣ ልጅ ከሌለው፣ ዳግም የመጀመሪያ ዲግሪ ሲማር በወላጆቹ ሥር እንዳለ ይቆጠራል። ፋፍሳው ላይ የእናንተ ገቢ ይገባል። የዓመት ገደቡ 7,500 ዶላር ነው። ጠቅላላው 31,000።

አሁን አስሉት። አንድ ልጅ በአራት ዓመት ኮሌጅ የተፈቀደለትን ሁሉ ከተበደረ 5,500፣ 6,500፣ 7,500 እና 7,500፣ በድምሩ 27,000 ዶላር ወስዷል። ለነርሲንጉ የሚቀረው 4,000 ዶላር ብቻ ነው። ለሙሉው ፕሮግራም።

የቀረውን ለመሙላት ትምህርት ቤቱ ብዙ ጊዜ ፓረንት ፕላስ የሚባለውን ያቀርባል። ይህ በልጁ ስም ሳይሆን በእናትና በአባት ስም የሚወጣ ዕዳ ነው። ወለዱ ለ2025–26 ዓመት 8.94 በመቶ ነው፤ ሲወጣም ከ4 በመቶ በላይ ይቆረጥበታል። ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ለአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላ 65,000 ዶላር ገደብ ተደርጎበታል። ከዚያ ቀን በኋላ የሚወጣው ፓረንት ፕላስ ከገቢ ጋር የሚስተካከል አከፋፈልም የለውም። አባት ጡረታ ቢወጣ ወርሃዊ ክፍያው እዚያው ነው።

ሁለት ነገር ይረዳል። ወላጅ ለፓረንት ፕላስ አመልክቶ በክሬዲት ችግር ከተከለከለ፣ ልጁ ራሱን እንደቻለ ተማሪ ተጨማሪ አንሰብሲዳይዝድ እንዲወስድ ይፈቀድለታል። ሌላው ዕድሜ ነው። ለ2026–27 ዓመት ከጃንዋሪ 1፣ 2003 በፊት የተወለደ ሰው ራሱን እንደቻለ ይቆጠራል። 23 ዓመት የሆነው ልጅ አንድ ዓመት ሠርቶ፣ የቀሩትን ኮርሶች ወስዶ ቢገባ ጠቅላላ ገደቡ ከ31,000 ወደ 57,500 ያድግለታል። እኔ ብጠየቅ ለብዙ ቤተሰብ ይህን ዓመት መጠበቅ ከፓረንት ፕላስ ይሻላል እላለሁ።

ፔል ግራንት አገኛለሁ?

አታገኙም። ፔል ግራንት የማይመለስ የመንግሥት እርዳታ ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው ግን አይሰጥም። ዲግሪው ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር ወይም ከሐዋሳ መምጣቱ ለውጥ አያመጣም።

እዚህ ላይ በየቤቱ የሚሰጥ አደገኛ ምክር አለ፤ «ዲግሪ አለኝ አትበል፣ የሚያጣራ የለም» የሚል። እባካችሁ አትስሙት። ፋፍሳው በፊርማ የሚረጋገጥ የፌደራል ሰነድ ነው። ለኤቢኤስኤን ለመግባት ደግሞ ዲግሪያችሁን አስገምግማችሁ ማቅረብ ግዴታ ነው። አንዱ ቢሮ ዲግሪ አለው ብሎ ሲቀበላችሁ ሌላው ቢሮ ዲግሪ የለውም የሚል ቅጽ ይዟል ማለት ነው። ከተነቃ ብሩን መመለስ ብቻ አይደለም፤ ጉዳዩ ወንጀልም ይሆናል።

ሕጋዊው መንገድ ሌላ ነው። የውጭ ዲግሪያችሁ ተገምግሞ ከአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ ጋር እኩል አይደለም የሚል ማስረጃ ከወጣ፣ ኮሌጁ ዲግሪ እንደሌላችሁ ሊቆጥር ይችላል። ያኔ ፔል ይከፈታል፤ የኤቢኤስኤን በር ግን አብሮ ይዘጋል። ለምሳሌ የሦስት ዓመት ዲፕሎማ ያለው ሰው ይህን ማጣራቱ ይጠቅመዋል።

የሚጎድለው ስንት ነው?

እውነተኛው ጥያቄ ይህ ነው። ምሳሌ እንውሰድ፤ ቁጥሩ ለማሳያ ነው። አንዲት የ31 ዓመት እህታችን፣ አገር ቤት በአካውንቲንግ የተመረቀች፣ አንድ ልጅ ያላት፣ ሜሪላንድ የምትኖር እንበል። የገባችበት የግል ኮሌጅ ለ16 ወሩ ትምህርት 60,000 ዶላር ይጠይቃል። ሁለት የብድር ዓመት ታገኛለች፤ 25,000 ዶላር። ከትምህርት ክፍያው ብቻ 35,000 ዶላር ይጎድላል።

የቤት ኪራይ፣ የልጅ መዋያ፣ የመኪና ኢንሹራንስ ገና አልተነሳም። በወር 2,200 ብንል 16 ወር 35,200 ዶላር ነው። በፊት ይህን የሚሸፍነው ደመወዟ ነበር። ኤቢኤስኤን ላይ ግን በሳምንት 40 ሰዓት መሥራት አይሞከርም። ብዙ ትምህርት ቤቶች ጭራሽ አትሥሩ ብለው ይመክራሉ። ቅዳሜና እሑድ አንዳንድ ሺፍት የሚሠሩ አሉ፤ ኪራይ የሚከፍል ገቢ ግን አይሆንም።

የትምህርት ቤቱ የእርዳታ ደብዳቤ ሲመጣ ይህ ጉድለት ላይታይ ይችላል። አንዳንዱ ደብዳቤ እንዲህ ይደረደራል፤ ሰብሲዳይዝድ 5,500፣ አንሰብሲዳይዝድ 7,000፣ ከሥሩ «ሌላ ብድር» ተብሎ የቀረው ሁሉ፣ መጨረሻ ላይ «ቀሪ ክፍያ 0»። ዜሮውን ያየ ሰው ሁሉም የተሸፈነ ይመስለዋል። «ሌላ ብድር» የተባለው ግን ገና ያልተፈቀደ፣ ራሳችሁ ባንክ ሄዳችሁ የምታመጡት ብር ነው። እስክሪብቶ ያዙና ያን መስመር ሰርዙት። የሚቀረው ቁጥር የእናንተ ጉድለት ነው።

የባንክ ብድር ብወስድስ?

ጉድለቱን ብዙ ሰው የሚሞላው በዚህ ነው። የግል ባንክ የሚያየው ክሬዲትና ገቢ ነው። ሥራ ልትለቁ ስለሆነ ገቢያችሁ አያሳምነውም። ስለዚህ ኮሳይነር ይጠይቃል፤ ማለትም ዋስ።

ዋስ መሆን በእኛ ዘንድ የዝምድና ግዴታ ስለሚመስል «እምቢ» ማለት ይከብዳል። ኮሳይነር ግን ምስክር አይደለም። ሙሉ ተበዳሪ ነው። ዕዳው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ክሬዲቱ ላይ ይመዘገባል። ቤት ሊገዛ ሲል ባንኩ ይቆጥርበታል። ተማሪዋ ብታቋርጥ ወይም ብትታመም ባንኩ ወደ እሱ ይመጣል። ወንድማችሁን ከማስፈረማችሁ በፊት ይህን በግልጽ ንገሩት።

የእህታችንን 35,000 በ11 በመቶ ወለድ በ10 ዓመት እንክፈል ብንል በወር 482 ዶላር ያህል ይመጣል። ተደምሮ ወደ 58,000 ዶላር ይጠጋል። ይህም በትምህርቷ ወቅት የሚጠራቀመው ወለድ ሳይጨመር ነው። ወለዱ ተለዋዋጭ ከሆነ ደግሞ ሊጨምር ይችላል፤ ውሉ ላይ ቋሚ ወይስ ተለዋዋጭ እንደሆነ ተጽፏል። መንግሥት የሚሰጠው የገቢ አከፋፈልም ሆነ ስረዛ ለባንክ ብድር አይሠራም።

«አሥር ዓመት ከሠራሽ ይሰረዛል» ይባላል፤ እውነት ነው?

ፒኤስኤልኤፍ የሚባለው ፕሮግራም አለ፤ እውነትም ይሠራል። መንግሥት ወይም ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ውስጥ ሙሉ ሰዓት እየሠራ 120 ወር የከፈለ ሰው የቀረው የፌደራል ብድሩ ይሰረዝለታል። ብዙ ትልልቅ ሆስፒታሎችም ለትርፍ ያልተቋቋሙ ናቸው።

ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው። ከጁላይ 1፣ 2026 በኋላ ለሚበደር ሰው የገቢ አከፋፈሉ ራፕ የሚባለው ነው። ክፍያው እንደ ዓመት ገቢው ከ1 እስከ 10 በመቶ ይሄዳል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ በወር 50 ዶላር ይቀነሳል። እህታችን ነርስ ሆና ለግብር የሚቆጠር 85,000 ዶላር በዓመት ብታገኝ 8 በመቶ፣ ማለትም በወር 567 ዶላር ይመጣባታል። ለልጇ 50 ሲቀነስ 517። በዚህ አከፋፈል 25,000 ዶላር በአምስት ዓመት ገደማ ያልቃል። 120 ወር ሳይሞላ ብድሩ ስለሚያልቅ የሚሰረዝ ነገር አይኖርም። የባንኩ 35,000 ደግሞ ድሮም አይሰረዝም። ስለዚህ ስረዛው የሚጠቅመው ከቀድሞ ዲግሪው ትልቅ የፌደራል ዕዳ ያለበትን ሰው ነው። ከኤቢኤስኤን ብቻ የመጣ ዕዳ ያለበትን ብዙም አይረዳውም። «ግድ የለም ይሰረዛል» ብሎ ባንክ ብድር ውስጥ መግባት ትልቅ ጥፋት ነው።

ራፕ የሚያግዘው ሌላ ጊዜ ነው። ተመርቃችሁ ኤንክሌክስ እስክታልፉ ወይም ሥራ እስክታገኙ ገቢ ከሌለ ክፍያው በወር እስከ 10 ዶላር ይወርዳል። የስድስት ወር እፎይታውም ከተመረቃችሁ በኋላ አለ።

ከፒኤስኤልኤፍ ይልቅ ነርስ ኮር የሚባለውን ማየት ይሻላል። የፌደራሉ የጤና ሀብት አስተዳደር የሚያካሂደው ነው። የሠራተኛ እጥረት ባለበት በተመረጠ ተቋም ሁለት ዓመት ለሚያገለግል ነርስ ለነርሲንግ ትምህርቱ ከተበደረው ዕዳ 60 በመቶውን ይከፍላል። ሦስተኛ ዓመት ከተጨመረ ሌላ 25 በመቶ ይከፍላል። የባንክ ብድርም ይቆጠራል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ውድድር አለው፣ ግብርም ይከፈልበታል። ዜጋና ግሪን ካርድ ያለው ማመልከት ይችላል። የነርሲንግ ብድራችሁን ከሌላ ዕዳ ጋር አንድ ላይ አታዋህዱት፤ ከተዋሃደ ላይቀበሉት ይችላሉ። ገና ከመግባታችሁ በፊት ከሆነ ደግሞ የነርስ ኮር ስኮላርሺፕ አለ፤ ክፍያውንና የወር መተዳደሪያን ሸፍኖ በአገልግሎት ያስከፍላል።

ጉድለቱ ከበዛ ምን መንገድ አለ?

ኮሚውኒቲ ኮሌጅ። አርኤን ለመሆን ቢኤስኤን ግዴታ አይደለም። የሁለት ዓመቱ ኤዲኤን የሚባለው ዲግሪም ወደዚያው ኤንክሌክስ ያደርሳል። ዋሽንግተን አካባቢ ላለ ሰው ሞንትጎመሪ ኮሌጅና ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚውኒቲ ኮሌጅ) ሁለቱም ይሰጡታል። ለአካባቢው ነዋሪ ክፍያው ከግል ኮሌጁ በብዙ ያንሳል፤ ብዙ ጊዜም በፌደራል ብድሩ ውስጥ ይገባል። ነርስ ሆናችሁ ከተቀጠራችሁ በኋላ ቢኤስኤኑን ኦንላይን መጨረስ ይቻላል። አሠሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ለትምህርት ከግብር ነጻ ሊከፍል ስለሚችል ብዙ ሆስፒታሎች ወጪውን ይጋራሉ።

ጊዜው ይረዝማል፤ መግቢያው ውድድር ነው። አንዳንድ ሆስፒታልም ቢኤስኤን ያለውን ያስቀድማል። ቢሆንም 35,000 ዶላር በወንድም ዋስትና ከመበደር ጋር ሲነጻጸር፣ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው ይህን መንገድ አስቀድሜ እመክራለሁ።

ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ስሄድ ምን ልጠይቅ?

መጀመሪያ ገቢያችሁን። የ2026–27 ፋፍሳ የሚያየው የ2024ን ገቢ ነው። ያኔ ሁለት ሥራ ትሠሩ ነበር፤ አሁን ልትለቁ ነው። ቢሮው ገቢያችሁን እንደገና እንዲያይ በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ፕሮፌሽናል ጃጅመንት ይሉታል። ከተፈቀደ ከዓመቱ ብድር እስከ 5,500 ዶላር የሚደርሰው ወደ ሰብሲዳይዝድ ሊዞር ይችላል። የጠቅላላ ወጪ ግምቱ ላይ የልጅ መዋያና የፈቃድ ፈተና ክፍያ እንዲገባላችሁም ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ መዋያው ላይገባ ይችላል። በዚያው የነርሲንግ ስቱደንት ሎን ካላቸው ጠይቁ። የሚሰጠው በትምህርት ቤቱ በኩል ነው፤ ወለዱ 5 በመቶ ነው።

ቀጥሎ የቅድመ ሁኔታ ኮርሶች። አናቶሚ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ስታቲስቲክስና የመሳሰሉት ከመግባት በፊት ይጠየቃሉ። በሴሚስተር ከ6 ክሬዲት በታች ከወሰዳችሁ ብድር የለም። 6ና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ኮርሶቹ ለመግቢያ እንደሚያስፈልጉ በማስረጃ ከታየ፣ ለ12 ወር የሚሆን የተወሰነ ብድር አለ። ይህም ከሮቶው ነው የሚቀዳው። ስለዚህ እየሠሩ አንድ አንድ ኮርስ በእጅ ከፍሎ መውሰድ ያዋጣል።

በመጨረሻ ብሩ የሚወጣበትን ቀን ጠይቁ። ብድሩ መጀመሪያ ወደ ትምህርት ቤቱ ይገባል፤ ክፍያው ተቀንሶ የሚተርፍ ካለ በ14 ቀን ውስጥ ለእናንተ ይላካል። ግን ቦታ ማስያዣው፣ ክትባቱ፣ የወንጀል ታሪክ ማጣሪያው፣ ስክራቡ፣ ስቴቶስኮፑ ሁሉ የሚከፈለው ክፍል ከመጀመሩ በፊት ነው። የመጀመሪያው ወር ኪራይም አይጠብቅም። ለእነዚህ የሚሆን ብር፣ ከሥራ ሳትለቁ፣ ከደመወዛችሁ ለብቻ አስቀምጡ።